ሐሙስ ዐሥር ሰዓት ተይዟል

ጥቅምት 6

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ ተሻለው? መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ኮምፒዩተር ላይ ቢሆን ወዲያው እመልስልዎ ነበር፤ እስክሪብቶ ስይዝ ግን እጄ እንግዳ ፊት እንደቀረበ ልጅ ያፍራል። ዓመቱን ሙሉ በስልክና በኢሜይል ስንጨቃጨቅ ከርመን፣ ውል የሚታደስበት ወር ሲደርስ ብቻ በወረቀት እንጻጻፍ ያሉት እርስዎ ነዎት። "ውል በጣት ነካ አድርገው የሚልኩት ነገር አይደለም" ብለውኝ የለ? ሰባት ዓመት ከሌላ ከተማ ሆኜ ትእዛዝና ቀጠሮ ስይዝልዎ ፊትዎን አይቼ አላውቅም፤ የእጅ ጽሑፍዎን ግን ከሩቅ እለየዋለሁ። ሁሉም ፊደል ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ንፋስ የገፋው ይመስል።

የጠየቁኝን በቅድሚያ ልመልስ። ጠረጴዛዬን ለክቼዋለሁ፤ ከወለል እስከ ላይ ሰማንያ ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው። ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። የልብስ ሰፊ ጠረጴዛ ነበር፣ አከራዬ ናቸው የተዉልኝ። ለየትኛው ደንበኛ እንደፈለጉት ግን አልገባኝም። ጠረጴዛ መሥራት ጀመሩ እንዴ?

ሥራው እንደሚያውቁት ነው። ባለ ሆቴሉ ለአዳራሹ ስላዘዛቸው ወንበሮች ይደውላል፤ ሳይጠግብ ይዘጋና እንደገና ይደውላል። አንድ ወንበር ያዘዘችው መምህርትም ጽፋለች። "ለጀርባ ይመቻል ወይ?" ትላለች። "እጅግ ይመቻል" ብዬ መለስኩላት፤ ከዚህ በፊት ለጠየቁኝ ሁሉ እንደመለስኩት። የጋራ ካላንደራችን እስከ መጋቢት ሞልቷል። ሐሙስ ዐሥር ሰዓት እንደ ወትሮው ተይዟል፤ እሷን ማንም አይነካትም። ከመጋቢት ወዲያ ትእዛዝ አትቀበይ ያሉኝ ግን ለምንድን ነው?

ስለ ውሉ የጠየቁኝን በሚቀጥለው እጽፍልዎታለሁ፤ ወረቀቱ አለቀብኝ። ግማሹ ገና ባዶ እንደሆነ አየዋለሁ። አለቀ ይበሉልኝ።

አስታዋሽዎ


ጥቅምት 19

ለአስታዋሿ፣

ወረቀቱ አለቀ ብለሽ ግማሹን ባዶ ላክሽልኝ። ከተጻፈው ይልቅ ባዶውን ደጋግሜ ሳነበው ሰነበትኩ።

ጉልበቴ እንዳለ ነው፤ ስቀመጥ ይጮኻል፣ ስነሣ ይሳደባል። ሰማንያ ሁለት ግን ምን ጉድ ነው? እሱ ጠረጴዛ ነው ወይስ ሰገነት? ለማን ነው ላልሽው፣ አንድ አስቸጋሪ ደንበኛ አለኝ። የሚፈልገውን በአፉ አይናገርም፤ ከጎን ከጎን እየጠየቁ ማወቅ ነው። ስለ መጋቢት ሌላ ጊዜ እናወራለን።

አሁን ተራው የኔ ነው። ምን ሆነሻል? ድሮ ለደንበኞች የምትጽፊውን ስታነቢልኝ መላጊያዬን አስቀምጬ እስቅ ነበር። ለዚያች ሙሽራ "ይህ ወንበር ከባልሽ የበለጠ ይታገስሻል" ብለሽ የጻፍሽላትን እስከ ዛሬ ለሚመጣ ሰው ሁሉ አወራዋለሁ። አሁን የምትጽፊው ሁሉ ተልጎ ያለቀ ነው። ለስላሳ ነው፣ ትክክል ነው፣ አንድ ስንጥር የለውም። ስንደዋወልም "እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ" ብቻ ሆነሻል። አንቺ እኮ እሺ የማትዪ ሰው ነበርሽ!

ሰልችቶሽ ከሆነ ሰለቸኝ በይ። ነውር አይደለም። እኔም ይሰለቸኛል። ዕድሜዬን ሙሉ አራት እግርና አንድ መደገፊያ ሳገጣጥም የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ድንጋይ አይደለሁ! መሰልቸት ሲመጣ እኔ ሥራውን አልጥልም፣ አልታገለውምም። ጣራው ላይ አንዲት የላስቲክ ቆርቆሮ አለች፤ ጠዋት ጠዋት በእሷ በኩል ብርሃን ይገባል፣ ሰጋቱራው በብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ይዋኛል። እሱን ቆሜ አያለሁ። ሚስቴ በሕይወት ሳለች ሰጋቱራውን ከፀጉሬ የምታራግፈው እሷ ነበረች። አሁን ይዤው እተኛለሁ።

ጻፊልኝ። ወረቀት ካለቀብሽ እልክልሻለሁ።

አናጢው


ኅዳር 3

ይድረስ ለጋሼ፣

ይህን ተቀምጠው ያንብቡት። መቼም ወንበር አያጡም።

አንድ ትልቅ ድርጅት ነይ ብሎኛል። ቢሮ አላቸው። ፊት ያላቸው ሰዎች አሉበት፤ በመስተዋቱ በኩል አየኋቸው፣ አንዷ ስትስቅ ሌላዋ ትከሻዋን ትደገፋለች። መልስሽን እስከ ጥር መጀመሪያ አሳውቂን ብለውኛል። ውሉን ላላድሰው አስቤያለሁ ጋሼ። ይኸው ጻፍኩት። ለአንድ ወር ያህል በአፌ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ያስቀየሙኝ ነገር የለም፤ እንዲህ እንዳያስቡ። የጠፋው የኔ ልብ ነው። ልመልሰው ያልሞከርኩት የለም። ጠረጴዛዬን ወደ መስኮቱ አዞርኩት፣ መልሼ ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ሰኞ ሰኞ "ዛሬ ገና መቀጠሬ ነው" እያልኩ ራሴን አታለልኩ፤ እስከ ረቡዕ ይሠራል። የደንበኞቹ ደብዳቤ ትኩስ እንዲሆንልኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት፤ ጎረቤቴ "ደህና ነሽ ወይ? ከማን ጋር ነው?" ብላ በር አንኳኳች። ለአዲስ ደንበኛ መሥራት ቀላል ነው፣ ሁሉንም ነገር ይጠይቅሻል። የቆየ ደንበኛ ግን ምንም አይጠይቅም፤ ሁሉን ያውቃል፣ ሁሉን ታውቂለታለሽ። ጠዋት ስነሣ ቀኑ ከመጀመሩ በፊት አልቆ አገኘዋለሁ።

ባለፈው ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ደፋ ብዬ ሸለብ አደረገኝና ሕልም አየሁ። መላጊያዎን ይገፋሉ። ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ይወጣል፣ ከበርዎ ይወጣል፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የማላውቃቸውን ከተሞች አልፎ በመስኮቴ ይገባል። ክፍሌ እስከ ወገቤ ሞላ። ነጭ ነው፣ ሞቃት ነው፣ ደስ ይላል። ፊቴን ቀብሬ ላሸተው አልኩ፤ ምንም ሽታ የለውም። ያኔ ባነንኩ። ለካ የእንጨትዎን ሽታ አላውቀውም! ሰባት ዓመት "ይመቻል፣ ጀርባ ያሳርፋል፣ ክንድ ያቅፋል" እያልኩ ለሰው ሁሉ ስጽፍ አንድም ቀን በሠሩት ወንበር ተቀምጬ አላውቅም። እኔ የምቀመጠው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው፣ ትራስ በትራስ ደርቤበት። ያን ዕለት በራሴ አፈርኩ፤ ከዚያ ወዲህ "ይመቻል" ብዬ ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

ቢቆጡኝም ይጻፉልኝ። ዝም እንዳይሉኝ ብቻ።

አስታዋሽዎ


ኅዳር 20

ለአስታዋሿ፣

መጀመሪያ ቆሜ አነበብኩት። ምክርሽን ባለመስማቴ ተቀጣሁ፤ ሁለተኛ ተቀምጬ ደገምኩት።

ሂጂ ልጄ። ቅር አላለኝም ብዬ አልዋሽሽም፤ ቅር ብሎኛል፣ ከልቤ። ሁለት ቀን መጋዝ አልነካሁም። በኋላ ግን ትከሻዋን የምትደገፊያት ሴት ትሻልሻለች አልኩ። እኔ ትከሻ የለኝም፤ ያለኝ ድምፅ ብቻ ነው፣ እሱም በመላጊያ ጩኸት ተውጦ ነው የሚደርስሽ። ደንበኞቹን ለማን እንደማስረክብ አታስቢ። እሱን ለኔ ተይው።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርሽ እንዳትሄጂ። ስለዚያች የሐሙስ ሰዓትሽ ነው። ሚስቴ በሞተች ሰሞን ካላንደሩ ላይ "ተይዟል" ብለሽ ያጠርሻት። ምን እንደምታደርጊባት ጠይቄሽ አላውቅም። አንዳንዴ እናቷን ታስታምም ይሆናል እላለሁ። አንዳንዴ የምትወደው ሰው አላት እላለሁ፣ ደስ ይለኛል። አንዳንዴ ደግሞ በቃ ትተኛለች እላለሁ። የሰው ሰዓት የሰው ነው፣ ምን አገባኝ! ግን ጠብቄልሻለሁ። በዚያች ሰዓት ደውዬልሽ አላውቅም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተሳስቼ ስልኩን ነካሁት፣ አንዴ እንደጮኸ ዘጋሁት፤ ይቅር በዪኝ። ባለ ሆቴሉ ሐሙስ ሐሙስ ሲደውል "ረዳቴ አሁን ሥራ ላይ አይደለችም፣ ያለ እሷ ቀን አልቆርጥም" እለዋለሁ። "አሁን እሷን አነጋግሬ መምጣቴ ነው እኮ!" ይለኛል። ምን ዓይነት ውሸታም ነው! ጆሮው ላይ እዘጋበታለሁ።

ይህን የምነግርሽ እንድታመሰግኚኝ አይደለም። የምትሄጂበትም ቦታ እንዲህ ያለች ሰዓት ያዢ። በመጀመሪያው ቀን ያዢያት፤ ኋላ አይሰጡሽም። ዐርፈሽባት ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ሌላ የሰጠሁሽ ነገር የለም።

አናጢው


ኅዳር 28

ጋሼ! ጋሼ! ምን ላድርግዎ?

ሰላምታ እንኳ ረሳሁ፣ ይቅርታ። ያቺ ሰዓት የኔ አይደለችም። የእርስዎ ናት!

እትዬ ከሞቱ በኋላ በደወልኩ ቁጥር መጋዙ ይጮህ ነበር። ምሳ በልተዋል ወይ ስልዎ "ኋላ" ይሉኛል። ሰው ሊያጽናናዎ ሲመጣ እንኳ ሥራ አለብኝ ብለው እንደሚመልሱ ከድምፅዎ አውቅ ነበር። ትንሽ ይቀመጡ ብልዎ እንደሚቆጡኝም አውቃለሁ። ስለዚህ በሳምንት አንዲት ሰዓት ሰረቅኩልዎ። "የጋሼ ሰዓት" ብዬ እንዳልጽፍ ፈራሁዎትና "ተይዟል" ብዬ ብቻ አጠርኳት። ምንም አላሉኝም። ገብቷቸዋል፣ ወደዋታል ብዬ ስደሰት ኖርኩ።

እኔ ልተኛ? ዘበኛ ነበርኩ እንጂ! ሐሙስ ዐሥር ሰዓት ሲሆን ስልኩን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ እጠብቃለሁ። ለደወለ ሁሉ "ጋሼ አሁን አይገኙም" ነው መልሴ። ባለ ሆቴሉ አልዋሸም፣ ምስኪን! እኔ ጋሼ የሉም እለዋለሁ፣ እርስዎ ዘንድ ሲደውል ደግሞ እሷ የለችም ይሉታል። አንድ ቀን "እናንተ ሰዎች ሐሙስ ሐሙስ የት ነው የምትጠፉት?" ብሎ ጮኸብኝ። ነገረኛ ነው ብዬ አለፍኩት። ያቺ አንድ ጊዜ ጮኻ የተዘጋች ስልክም ትዝ ትለኛለች፤ ምን ሆነው ይሆን ብዬ ሰዓቷ እስክታልቅ ስንቆራጠጥ ቆይቻለሁ። መልሼ እንዳልደውል ዐርፈው ይሆናል አልኩ።

ደብዳቤዎን አንብቤ ሳቅሁ፣ ሳቄ ሲያልቅ አለቀስኩ። ጎረቤቴ እንደገና አንኳኳች። ከዚያ መንገድ ወጣሁ። ሰማዩ ዝቅ ብሎ ነበር፣ የመንገድ መብራቶቹ ሳይመሽ በርተው ነበር። ስሄድ ስሄድ እነዚያ ሐሙሶች ሁሉ እንደ ወንበር መንገዱ ላይ ተደርድረው የቆሙ መሰለኝ፣ ማንም ያልተቀመጠባቸው።

አሁን እጠይቅዎታለሁ፣ ከጎን ሳይሆን ፊት ለፊት። በዚያች ሰዓት ምን ያደርጉ ነበር? ለአንዲት ሐሙስ እንኳ ዐርፈዋል? ከመጋቢት ወዲያስ ምን አለ? ለድርጅቱ ገና መልስ አልሰጠሁም።

አስታዋሽዎ


ታኅሣሥ 9

ለአስታዋሿ፣

አላረፍኩም። ለባለ ሆቴሉም ያለብኝን ይቅርታ በስልክ ከፈልኩ፤ "እኔስ አብጄ መስሎኝ ነበር" አለኝ።

መጀመሪያ ሰሞን ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እጄ አላስቀምጥ አለኝ። የደንበኛ ሥራ እንዳልሠራ ደግሞ ሰዓቷ ያንቺ ናት፤ የሰው ሰዓት ሰርቄ ለባለ ሆቴሉ ወንበር ልሥራበት? አይሆንም። በአንቺ ሰዓት የሚሠራ ነገር ያንቺ ነው ብዬ ያንቺን ወንበር ጀመርኩ። ሐሙስ ሐሙስ ብቻ። ሰዓቷ ስትሞላ መላጊያውን አስቀምጣለሁ፤ አንዲት ፍቅፋቂ ግማሽ ላይ እንኳ ብትሆን እዚያው እተዋታለሁ፣ በሳምንቱ እጨርሳታለሁ። በዚህ ምክንያት ነው ዓመታት የፈጀው። ጀርባው ካለቀ ቆይቷል፣ ክንዱም አልቋል፤ እግሩ ነበር የቀረኝ። በምን ቁመት እንደምቆርጠው ስላላወቅኩ ጠረጴዛሽን ጠየቅኩሽ። አስቸጋሪዋ ደንበኛ አንቺ ነሽ።

በሠራሁት ወንበር ተቀምጠሽ እንደማታውቂ ስትነግሪኝ ግን ደነገጥኩ። ወንበሩ እዚህ ጥግ ላይ ቆሞ እኔ ደብዳቤሽን ሳነብ ነበር። ሌላው አናጢ ቢሆን ቀድሞ ይልክልሽ ነበር፤ እኔ ሽማግሌው እንከን እየፈለግኩለት ቆየሁ።

መጋቢትን በተመለከተ ደግሞ፣ እንደምትሄጂ ከድምፅሽ ጠርጥሬ ነበር። አንቺ ከሄድሽ ሥራ ቤቱን እዘጋለሁ ብዬ ወሰንኩ። ከሰው ጋር እንደ አዲስ መተዋወቅ አልችልም፣ ጉልበቴም ሰልችቶታል። ያልነገርኩሽ እንዳላስርሽ ነው። አሁን የምነግርሽ ፊት ለፊት ስለጠየቅሽኝ ነው፤ እኔና አንቺን የጎዳን አለመጠየቃችን ነው። ይህን ሰምተሽ አዝነሽልኝ እንዳትቀሪ ግን! ብትቀሪ እቆጣለሁ፣ እውነቴን ነው። አዝኖ የሚጽፍ ሰው ደንበኛ ያባርራል።

ወንበሩን ትናንት ለጫኚዎቹ ሰጥቻለሁ። ተቀመጪበት። ከዚያ ልብሽ ወዳለበት ሂጂ።

አናጢው


ጥር 5

ይድረስ ለጋሼ፣

ደህና አደሩ? ሰላምታ ዛሬ አልረሳም። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰዎች ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው በሬ ላይ አስቀመጡት። ገና ካርቶኑን ስቀድ ሽታው ቀድሞኝ ወጣ። ጋሼ፣ ሽታው! መራራ ነገር አለው፣ ማርም ይመስላል፣ ዝናብ የነካው አቧራም ይመስላል። ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኬ መደገፊያውን አሸተትኩት። ጎረቤቴ በሯን ከፍታ አየችኝና አሁን ምንም ሳትጠይቅ መልሳ ዘጋች።

ቀጥሎ ተቀመጥኩ። ልንገርዎና ይሳቁ፤ እግሬ ወለል አይነካም! የጠረጴዛውን ቁመት ጠየቁኝ፣ የኔን አልጠየቁኝም። እኔ እኮ አጭር ነኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ እግሬን የዕቃ ሣጥን ላይ ጭኜ ነው የሠራሁልዎ። እኔም አጭር መሆኔን አልነገርኩዎትም፣ እርስዎም ምን ያህል እንደምረዝም አልጠየቁም። ወንበሩ ለጠረጴዛው ልክክ ያለ ነው፤ እኔ ነኝ ያልተለካሁት። እንደዚህ ተንጠልጥዬ ስስቅ ቆየሁ።

ማክሰኞ መምህርቷ ጻፈች። ወንበሩ ደርሷት ወዳዋለች፣ ለእህቷም ልታዝ ትፈልጋለች፤ እህቷ ግን ታመነታለች። "በእውነት ይመቻል ወይ? ሻጯን አይደለም የምጠይቀው፣ አንቺን ነው" ብላ በመምህርቷ በኩል ጠየቀችኝ። እንዲህ ብዬ መለስኩላት፦ "ተቀምጬበት ቆይቼ ነው የምጽፍልሽ። መጀመሪያ ጀርባሽን ይነካሽና ደንገጥ ትያለሽ፤ ሰው አይዞሽ ያለሽ ይመስልሻል። ክንዱ ላይ አንዲት ጎድጎድ ያለች ቦታ አለች፣ አውራ ጣትሽ ራሱ ያገኛታል። አጭር ከሆንሽ ግን ቀድመሽ ተናገሪ፤ አናጢው የማይጠይቅ ሰው ነው።" መልሼ ሳነበው ስንጥር አለው። ከዚያ ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ከዚያም ሌላ፤ ቀና ስል መስኮቱ ጠቁሯል። እንዲህ ያለ ቀን መቼ እንደነበረኝ አላስታውስም።

ለድርጅቱ አመሰግናለሁ፣ አልመጣም አልኳቸው። አዝኜልዎ አይደለም፣ እንዳይቆጡኝ። የማውቀው ነገር አልቆብኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ገና አልጀመርኩትም። ውሉን ፈርሜ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። አንድ ነገር ጨምሬበታለሁ፦ በዓመት አንድ ጊዜ ሥራ ቤትዎ መጥቼ የምጽፍለትን ሁሉ አያለሁ፣ አሸታለሁ፣ እቀመጥበታለሁ። ፀጉርዎንም አራግፍልዎታለሁ። ካላንደሩን ከመጋቢት ወዲያ ከፍቼዋለሁ። የመጀመሪያው ባለ ሆቴሉ ነው።

እግሩን ላሳጥረው፣ መልሺው እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አልመልስም። ፕላስቲኩ ከነሣጥኑ ጠረጴዛው ዘንድ ይቆይ፤ የእርስዎን መስኮቱ ሥር አድርጌዋለሁ። እግር ሳይረግጥ ሥራ አይሠራም፣ ስለዚህ ማንም በእሱ ላይ ተቀምጦ ሊሠራ አይችልም። ትናንት ሐሙስ ነበር። ዐሥር ሰዓት ሲሆን ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ዘግቼበት ወንበርዎ ላይ ወጣሁ። እግሬን ሳወዛውዝ መንገዱ ላይ ሰዎች ያልፋሉ፣ ከተማው ራቅ ብሎ ይጮኻል፣ የእንጨትዎ ሽታ አለ። እርስዎም እጅዎን አጣጥፈው እንዲቀመጡ በልቤ አዘዝኩዎት።

ተኛሁ፣ ጋሼ። ስነቃ ሰዓቷ አልፋ ነበር፣ ማንም አልጠራኝም።

አስታዋሽዎ